«ስንት በመቶ ደረሰ?» የአገናኝ መንገድ ግንባታና ጎንደር

በጎንደር ለነዋሪዎች፣ ለአሽከርካሪዎችና ለነጋዴዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሏል።

እንደምን ዋላችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልን።

መንገድ በሚሠራበት ሰፈር ሁሉ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ስንት በመቶ ደረሰ?» መልስ ሰጪም አይታጣም። ቁጥሩ ይነገራል፣ ሰውም ሰምቶ ይበተናል፤ በማግሥቱ ግን ያው አቧራ፣ ያው ጭቃ፣ ያው ተቆፍሮ የቀረ ቦይ ይጠብቀዋል። ዛሬ የምንነጋገረው ያ ቁጥር ምን እንደሚለካ፣ ምን እንደሚሰውር፣ እሱን ትታችሁ ምን ብታዩ የመንገዱን ትክክለኛ ደረጃ እንደምታውቁ ነው። ከባድ መኪናን ከመሀል ከተማ አውጥቶ ዋና መንገዶችን የሚያገናኘው የአገናኝ መንገድ ዕጣ የሚወሰነው አስፋልቱ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ በወሰን ማስከበሩ፣ ማለትም መንገዱ የሚያልፍበትን መሬት ከቤትና ከንብረት ነጻ በማድረጉ፣ በአፈሩና በውሃው።

መጀመሪያ በመቶኛው እንዴት እንደሚወጣ እንይ። ውሉ ውስጥ ምንጣሮ፣ ቆረጣ፣ ሙሌት፣ ቱቦ፣ ከአፈሩ በላይ የሚነጠፈው ሰብ ቤዝ፣ በእሱ ላይ የሚነጠፈው ቤዝ ኮርስ፣ አስፋልት እየተባለ እያንዳንዱ ሥራ በመጠንና በዋጋ ተዘርዝሯል። የተሠራው ይለካል፣ በነጠላ ዋጋው ይባዛል፣ ከጠቅላላው ሥራ ዋጋ ጋር ይነጻጸራል። ስለዚህ ውድ የሆነው ሥራ ቁጥሩን ቶሎ ያሳድገዋል፤ ርካሹ ግን አስፈላጊው ሥራ ቢቀር ቁጥሩ ላይ እምብዛም አይታወቅም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 10 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ እንበል። ሜዳ ላይ ያለው ግማሹ አስፋልት ለብሷል፣ ከቀረው ውስጥ አብዛኛው አፈሩ ተቆርጦ ተደልድሏል። ሪፖርቱ 70 በመቶ ቢል ውሸት አይደለም። መሀል ላይ ግን ካሳ ያልተከፈለባቸው ቤቶች ያሉበት 600 ሜትር ሳይነካ ቀርቷል። ተራ የገጠር መንገድ ቢሆን ግማሹ ሲሠራ ግማሽ ጥቅም ይሰጣል፤ ሰው እስከ ደረሰበት ድረስ ይጠቀምበታል። አገናኝ መንገድ ግን 600 ሜትር ሲጎድለው የሚያገናኘው ነገር የለም። ከባድ መኪናው ዞሮ በድሮው መንገድ በመሀል ከተማ ነው የሚያልፈው።

ክፍያም ከሥራ ጋር ይምታታል። በአገራችን የመንግሥት ግዥ አሠራር ለተቋራጭ እስከ 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ ሊሰጥ ይችላል። «ይህን ያህል ብር ወጥቶበታል» ሲባል የቅድመ ክፍያው ገንዘብ ውስጡ ካለ፣ ያ ብር ገና አፈር ላይ አልደረሰም ማለት ነው። ማሽን ሊገዛ፣ ካምፕ ሊሠራ ይችላል፤ ሜትር ግን አይሆንም።

ስለዚህ ጥያቄውን እንዲህ ብትቀይሩት መልሱ ይጠቅማችኋል፦ ያልተነካው ቦታ የት የት ነው? ስንት ሜትር ነው? ያልተነካው በምን ምክንያት ነው? ይህን ሦስቱን የሚመልስ የፕሮጀክት መሐንዲስ ሥራውን ያውቃል።

ወደ ጎንደር እንምጣ። ከባሕር ዳር የሚመጣው መንገድ በጠዳና በአዘዞ አድርጎ ይገባል። የመተማው ከአዘዞ ይገነጠላል። ወደ ደባርቅ የሚሄደው በወለቃ በኩል ይወጣል። ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከተማው የተዘረጋው ይህንኑ አከርካሪ ተከትሎ ነው። ከደቡብ መጥቶ ወደ ሰሜን የሚያልፍ ሲኖትራክ ከተማውን መሀል ለመሀል ከመሰንጠቅ ሌላ ምርጫ ካላገኘ ከባጃጁ፣ ከጋሪው፣ ከተማሪው፣ ወደ ሆስፒታል ከሚሮጠው አምቡላንስ ጋር አንድ መስመር ላይ ይጋፋል። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበው ፋሲል ግቢም ከዚህ ትርምስ ብዙ አይርቅም። 900 ሜትር የሚረዝመው አጥሩና ውስጡ ያሉት ግንቦች በድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው። ኖራ እንደ ሲሚንቶ ድርቅ ያለ ማያያዣ አይደለም፤ ውሃ ሲገባበትና ንዝረት ሲደጋገምበት ድንጋዩን ቀስ በቀስ ይለቀዋል። ከባድ መኪናን ከግንቡ አካባቢ ማራቅ ለቱሪስት ዓይን ሲባል ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ከአዘዞ በኩል ተነሥቶ ከተማውን በጎን እያለፈ ወደ ሰሜን የሚወጣ ማንኛውም አገናኝ መንገድ ታዲያ ሁለት ዓይነት መሬት ያጋጥመዋል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ግማሹ ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው። የአዘዞ፣ የጠዳና የደንቢያ ሜዳ ዋልካ ነው። ጥቁር አፈር፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ፣ ክረምት ላይ ነፍቶ ጫማ የሚይዝ። ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ሲወጣ ደግሞ ስስ አፈር የለበሰ ድንጋይ ነው፣ ባዛልት። ሜዳው ለዶዘር ደስ ይላል፣ ለመንገድ ግን ጠላት ነው። ተራራው ሲቆረጥ ናፍጣና ፈንጂ ይበላል፣ ከተቆረጠ በኋላ ግን የማይናወጥ መሠረት ይሰጣል። በወረቀት ላይ ኪሎ ሜትሩ እኩል ነው፤ በዋጋና በጊዜ ግን ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው።

የአፈር ጥንካሬ የሚለካው ሲ.ቢ.አር. በሚባል ሙከራ ነው። ናሙናው ተጠቅጥቆ 4 ቀን ውሃ ውስጥ ይነከርና የብረት ዘንግ ሲጫነው ምን ያህል እንደሚቋቋም በቁጥር ይታያል፤ ቁጥሩ ዝቅ ካለ አፈሩ ደካማ ነው። በአገራችን የዲዛይን መመሪያ መሠረት አፈር ከኤስ 1 እስከ ኤስ 6 ይመደባል፤ ኤስ 1 ሲ.ቢ.አር. 2 ነው፣ ኤስ 6 ደግሞ 30ና ከዚያ በላይ። ዋልካ ብዙ ጊዜ ታችኛው ምድብ ላይ ነው የሚወድቀው። ሰብ ቤዝ ቢያንስ 30 እንዲኖረው ይጠበቃል። ስለዚህ ዋልካው ላይ በቀጥታ ገረጋንቲ አፍስሶ አስፋልት ማልበስ አይቻልም፤ ቢደረግም ሁለት ክረምት አይሻገርም።

የሚደረገው ምንድን ነው? ዋልካው ተቆፍሮ ይወጣል፣ በተመረጠ አፈር ይተካል። 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 12 ሜትር ስፋት፣ 1 ኪሎ ሜትር ርዝመት ብንወስድ 7,200 ሜትር ኩብ ነው። ተጠቅጥቆ ይህን እንዲሆን ልቅ ሆኖ የሚጫነው 30 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ ወደ 9,360 ሜትር ኩብ። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 585 ምልልስ ማለት ነው፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር፣ ያውም ሰብ ቤዙ ገና ሳይጀመር። የወጣው ዋልካም መጣያ ይፈልጋል፤ እሱም በመቶዎች የሚቆጠር ምልልስ ነው። «ሦስት ወር ሙሉ አፈር ሲያመላልሱ እንጂ መንገድ ሲሠሩ አላየንም» የሚል ሰው ያየው እውነት ነው። ያ ግን ራሱ መንገዱ ነው።

የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ይህ ሥራ ከተለበሰ በኋላ አይታይም። 60 መውጣት የነበረበት 30 ቢወጣ ማንም ከላይ ሆኖ አያውቅም። የሚታወቀው በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ከመንገዱ ጠርዝ ከአንድ ሜትር ገባ ብሎ ከመንገዱ ጋር እኩል የሚሮጥ ረጅም ስንጥቅ ይመጣል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። አስፋልቱ መሀሉን ከዝናብም ከፀሐይም ስለሚሸፍነው እዚያ ያለው ዋልካ እርጥበቱ ብዙ አይለዋወጥም። ጠርዙ ግን ክረምት ይነፋል፣ በጋ ይኮማተራል። መሀሉ ቆሞ ጠርዙ ሲንቀሳቀስ መጋጠሚያው ላይ ይቀደዳል። አጠገቡ ባሕር ዛፍ ካለ ይብሳል፤ ሥሩ እርጥበቱን ስለሚመጥ በጋ ላይ ጠርዙ የበለጠ ይሰጥማል። በዋልካ መሬት ላይ ከመንገዱ ዳር ባሕር ዛፍ መትከል መንገዱን በገዛ እጅ መቅደድ ነው።

የሚተካውም አፈር ይታይ። ተራራችን ላይ ከላዩ የበሰበሰ ባዛልት በብዛት አለ። ሲቆፈር ሸካራና ጠንካራ ይመስላል፣ በደረቁም በሮሎ ሲጠቀጠቅ ያምራል። አንዳንዱ ግን ውሃ ሲነካው ወደ ጭቃ ይመለሳል። ላቦራቶሪው በሥርዓቱ ይመረምረዋል፤ እናንተ ደግሞ ቁራሹን አንሥታችሁ ባልዲ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ቀን አቆዩት። አውጥታችሁ በጣታችሁ ስትጫኑት የሚፈረፈር ከሆነና ውሃው እንደ ሻይ ከቀላ ጠይቁ። ይህ ማስረጃ አይሆንም፤ ለመጠየቅ ግን በቂ ነው።

ስለ ንብርብሩ በአጭሩ። 7 ሜትር አስፋልትና ግራና ቀኝ 1.5 ሜትር ትከሻ ያለው መንገድ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ሰብ ቤዝ ቢኖረው በኪሎ ሜትር 2,000 ሜትር ኩብ ነው፣ ልቅ ሆኖ ሲጫን 2,600፣ ወደ 163 ምልልስ። ቤዝ ኮርሱ ከክሬሸር የሚወጣ የተፈጨ ድንጋይ ነው። በላዩ ፕራይም የሚባል ቀጭን ሬንጅ ይረጫል፣ በካሬ ሜትር 1 ሊትር ገደማ፤ እስኪደርቅ አንድ ወይም ሁለት ቀን መኪና አይረግጠውም። 5 ሴንቲ ሜትር አስፋልት በኪሎ ሜትር 350 ሜትር ኩብ፣ ወደ 820 ቶን ይሆናል፤ ከዚያ ውስጥ 5 በመቶ፣ 41 ቶን ያህሉ ሬንጅ ነው። ሬንጁ ከውጭ በዶላር የሚመጣ ስለሆነ ሁሉ ተዘጋጅቶ ቤዝ ኮርሱ ላይ ሥራ የሚቆምበት ጊዜ አለ። በዚህ መሀል ክረምት ከገባ የተጠቀጠቀው ቤዝ ኮርስ ይታጠባል፣ እንደገና ተቧጥሮ ይሠራል። ለሦስት ወር የተጋለጠ ቤዝ ኮርስ ላይ ሳይታደስ አስፋልት ሲለብስ ካያችሁ ዝም አትበሉ።

እዚህ ላይ ከአዳራሹ «ታዲያ ለምን ክረምትም አይሠሩም?» የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። አፈር የሚጠቀጠቀው በልኩ እርጥብ ሲሆን ብቻ ነው። ጭብጥ አድርጋችሁ ስትለቁት ሳይበተን፣ እጃችሁንም ሳያጨቀይ ቅርጹን ከያዘ ለልኩ ቀርቧል። ክረምት ላይ ከልኩ ያልፋል፤ ሮሎው ሲሄድበት ከፊቱ እንደ ፍራሽ ይነሣል፣ ከኋላው ይተኛል፣ አይጠብቅም። ስለዚህ የአፈሩ ሥራ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ስምንት ወር ነው። ክረምት ላይ ድልድይ፣ የድጋፍ ግንብ፣ የድንጋይ ካባ ሥራ ይሠራል። መስከረም ላይ ውል ተፈርሞ ማሽኑ የካቲት ላይ ቢደርስ፣ በወረቀት አምስት ወር ብቻ ያለፈ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ከበጋው ግማሹ ሄዷል።

በጋ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ይመጣል፣ ውሃ ማጣት። ደረቅ አፈር እንዲጠቀጠቅ በክብደቱ 5 በመቶ ያህል ውሃ ይጨመርበታል እንበል። ቅድም ያልነውን የዋልካ መተኪያ፣ ሰብ ቤዝና ቤዝ ኮርስ ስንደምር ለአንድ ኪሎ ሜትር ወደ 1 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል፤ ለአቧራ ማብረጃ የሚረጨውና ፀሐይ የሚወስደው ሳይቆጠር። 1 ሚሊዮን ሊትር 50 ሺህ ጀሪካን ነው። ጎንደር ላይ ጀሪካን ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አንነግርም። ስለዚህ ቦቴው ከየት እንደሚቀዳ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ከመገጭ ወይስ ከሌላ ወንዝ፣ ከጉድጓድ ከሆነ ከየትኛው፣ ታች ያለው ገበሬና ከብቱስ ምን ይጠጣል? ከከተማው የመጠጥ ውሃ መስመር መቅዳት ግን ለድርድር የሚቀርብ አይመስለንም። የውሃው ምንጭ ሳይታወቅ የተጀመረ መንገድ ሚያዝያ ላይ በደረቁ ሲጠቀጠቅ ይታያል። አቧራው ብዙ፣ ሮሎው ፈጣን፣ ቦቴው የለም። ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። እያንዳንዱ ንብርብር ከ20 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ እየተነጠፈ መጠቅጠቅ አለበት፤ ሠራተኞቹ ዴንሲቲ የሚሉት የጥግግት ሙከራ ተሠርቶ ሰብ ቤዙ ቢያንስ 95፣ ቤዝ ኮርሱ ቢያንስ 98 በመቶ ካላመጣ ቀጣዩ ንብርብር አይነጠፍም።

አሁን ወደ ጎርፉ። መንገድን የሚገድለው መኪና ነው ይባላል፤ ጎንደር ላይ ግን ቀድሞ የሚገድለው ውሃ ነው። የመንገዱ መሀል ከጠርዙ ከፍ ይላል፤ በ2.5 በመቶ ተዳፋት 3.5 ሜትር ስፋት ላይ 9 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ይህች ትንሽ ከፍታ ከላይ የወደቀውን ዝናብ ታወርዳለች። ዋናው ጣጣ ግን ከተራራው የሚመጣው ነው። 10 ሄክታር ሣር የለበሰ ተዳፋት ላይ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ፣ ወደ ቱቦው የሚደርሰው በሰከንድ 420 ሊትር አካባቢ ነው። ያው ተዳፋት ቤት ተሠርቶበት፣ ቆርቆሮና ኮብልስቶን ሲለብስ ወደ 970 ሊትር ይወጣል። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። አገናኝ መንገድ ደግሞ ሲከፈት ግራና ቀኙ ቤት ይሆናል፤ ይህ የማይቀር ነው። 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ቱቦ 970 ሊትሩን በጭንቅ የሚያስተናግደው ምንም ደለል ሳይኖርበት ነው። ዲዛይነሩ ሣሩን አይቶ ቱቦውን ከመረጠ፣ አምስት ዓመት ሳይሞላ ውሃው በአስፋልቱ ላይ ይሻገራል።

አንድ የቱቦ መውጫ ቀረብ ብለን እንይ። ቱቦው መንገዱን ተሻግሮ ታች በኩል ይወጣል። አፉ ላይ ክንፍ ያለው ግንብ አለ፣ ከግንቡ ቀጥሎ ሁለት ሦስት ሜትር ድንጋይ ተነጥፏል፣ ከዚያ በኋላ የሰው እርሻ ነው። በፊት ውሃው በሰፊው ተበትኖ በሣሩ ላይ ይወርድ ነበር፤ አሁን ተሰብስቦ በአንድ ጉሮሮ ይወጣል። በመጀመሪያው ክረምት ድንጋዩ ካለቀበት ቦታ ላይ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ይቆፍራል። በሁለተኛው ጉድጓዱ ወደ ላይ መብላት ይጀምራል፤ የተነጠፈው ድንጋይ ከሥሩ ባዶ ሆኖ ይንጠለጠላል። በሦስተኛው ግንቡ ይሰነጠቃል፣ የመጨረሻው የቱቦ ቁራጭ ከቀሪው ይለያያል፣ ውሃው በመገጣጠሚያው ወደ ሙሌቱ ይገባል። አንድ ሌሊት መንገዱ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ይታያል። ሰው አስፋልቱን ይረግማል፤ በሽታው የጀመረው ግን ከታች ነው። ገበሬውም በበኩሉ ማሳው ለሁለት ተከፍሎበታል፤ ለዚያ ማንም ካሳ አልገመተለትም፣ ምክንያቱም ማሳው ከወሰኑ ውጭ ነው። አፈሩም የትም አይጠፋም፤ በአንገረብ ተፋሰስ ውስጥ የሚያልፍ መንገድ ከሆነ ደለሉ የሚገባው ከተማው ውሃ የሚያገኝበት ግድብ ውስጥ ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው። የመውጫው ቦይ በድንጋይ ተገንብቶ እስከ ተፈጥሮ ጅረቱ ድረስ መውረድ፣ ቁልቁል ከሆነም በየተወሰነ ርቀት በጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን፣ እርከን መሥራት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ከወሰን ውጭ ስለሆነና በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ስላልገባ ነው። ስለዚህ ዲዛይኑ ለውይይት ሲቀርብ አንድ ጥያቄ ብቻ የመጠየቅ ዕድል ቢኖራችሁ፣ «የየቱቦው ውሃ መጨረሻው የት ነው?» በሉ።

ወሰንና ካሳ

30 ሜትር ስፋት ያለው የመንገድ ወሰን በየኪሎ ሜትሩ 3 ሄክታር ይወስዳል። ከተማ ዳር 3 ሄክታር ውስጥ ቤት አለ፣ ጓሮ አለ፣ ባሕር ዛፍ አለ፣ መቃብር ሊኖር ይችላል፣ የውሃ ቧንቧና የመብራት ምሰሶ አለ፣ የቴሌ መስመርም አለ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተነሺዎች መሬቱን ከመልቀቃቸው ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ፕሮጀክቱ ሊመከሩ እንደሚገባ ይደነግጋል። ካሳው የሚከፈለው ከመነሣት በፊት ነው፤ ካሳ ከተከፈለ በኋላ መሬቱ በ120 ቀን ውስጥ ይለቀቃል፣ ምንም ንብረት ያልሰፈረበት ከሆነ በ30 ቀን። ተለዋጭ መሬት ሳይሰጠው ለዘለቄታው ለሚነሣ ባለ እርሻ የመፈናቀያ ካሳው ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል። ተመጣጣኝ መሬት ከተሰጠው የአንድ ዓመቱ ገቢ ነው። ቤት የሚገመተው ዛሬ እንደ አዲስ ለመሥራት በሚያስፈልገው ወጪ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚጎዳበት መንገድ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ቆጠራው ሲካሄድ ባለቤቱ የለም፤ ገበያ ወጥቷል ወይም ለቅሶ ሄዷል። ባሕር ዛፉ ትልቁም ትንሹም በጅምላ ይቆጠራል፣ የጉድጓድ ውሃው ይረሳል፣ የድንጋይ አጥሩ በሜትር ሳይለካ ይታለፋል። ቆጠራው ላይ ተገኙ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፣ የፈረማችሁበትን ቅጂ ተቀበሉ። ቅሬታ ካለ የመሬት ማስለቀቂያው ትእዛዝ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ይቀርባል፤ በውሳኔው ካልተስማማችሁ ይግባኝ አለ። «እስኪ ክፍያውን እንየውና» እያሉ 30ውን ቀን ማሳለፍ ነው ብዙውን ሰው የጎዳው። ትእዛዙ ከመጣ በኋላ በችኮላ የሚሠራ ክፍል ቤትና የሚተከል ችግኝ ግን ካሳ አያመጣም። አዋጁ በ2016 ሲሻሻል ለፌዴራል መንገዶች ጭምር የካሳ ክፍያው ሸክም ወደ ክልሎች ዞሯል፤ ስለዚህ «በጀት ተይዟል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አሁን መቅረብ ያለበት ቅርብ ላለው አስተዳደር ነው።

ምሰሶና ቧንቧ ከካሳ ያልተናነሰ ያዘገያል። ተቋራጩ ምሰሶ አይነካም፤ ባለቤቱ ተቋም ግምት ይልካል፣ ክፍያ ይጠብቃል፣ ዕቃ ይጠብቃል። ተቋራጩ በውሉ መሠረት ማሽኑ ለቆመበትና ጊዜው ለገፋበት የክፍያ ጥያቄ ያቀርባል፤ ፊዲክ የሚባለው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ከሆነ ምክንያቱን ባወቀ በ28 ቀን ውስጥ ካሳወቀ መብቱ ይጠበቅለታል። በጥቂት ምሰሶ ምክንያት ሕዝብ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

በሥራው ወቅትና ከዚያ በኋላ

አቧራ በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ካልተረጨ የበርበሬ ነጋዴውም የልብስ ነጋዴውም ገበያ ይዘጋል። ፈንጂ ከመተኮሱ በፊት አካባቢው ያሉ ቤቶች ግድግዳ ፎቶ ይነሣ፤ ያለዚያ የድሮ ስንጥቅና የአዲስ ስንጥቅ ክርክር ማብቂያ የለውም። ገረጋንቲ የወጣበት ጉድጓድ ክረምት ላይ ሐይቅ ይሆናል፤ ልጅ ይበላል፣ ከብት ይበላል። ውሉ ጉድጓዱን መልሶ ማስተካከልን ያዝዛል፣ ነገር ግን ማሽኑ ከሄደ በኋላ የሚመለስ የለም። ስለዚህ ቀበሌው የርክክብ ፊርማ ሲጠየቅ ጉድጓዱን ሄዶ ሳያይ አይፈርም። ደግሞም ጎንደር ናትና ጥር 11 አለ። ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ በሚያልፉበት መስመርና እንግዳ በሚገባበት በር ላይ የተቆፈረ ቦይ በታኅሣሥ መጨረሻ ተደፍኖ መገኘት አለበት፤ ይህ በሥራ መርሐ ግብሩ ላይ ከመጀመሪያው ቢጻፍ ጥር ላይ ጭቅጭቅ አይኖርም።

አንዲት እናት «መንገዱ ከቤታችን በላይ ሆነ፣ ውሃው ግቢ ይገባል» ብለዋል። ይህ የዲዛይን ከፍታ ጉዳይ ነው። ዋልካ ላይ መንገዱን ከመሬት ከፍ ማድረግ ግድ ነው፤ ነገር ግን ወደየግቢው መግቢያ ያለው ድልድል፣ ከሥሩ የሚያልፈው ቱቦና የጎን ቦዩ አብረው መሠራት አለባቸው። ብዙ ጊዜ ነዋሪው ራሱ ለመግቢያ ብሎ ቦዩን በድንጋይና በአፈር ይደፍነዋል፤ ያን ጊዜ ውሃው ለጎረቤቱ ይደርሳል። እማማ፣ መግቢያዎን መሐንዲሱ እንዲሠራልዎ አሁኑኑ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ አስፋልቱ ከለበሰ በኋላ ቱቦ ለማስገባት የሚቆርጥልዎ አያገኙም።

መንገዱ ሲከፈት የሚጠቀምም የሚጎዳም አለ። ከባድ መኪና ከመሀል ከተማ ሲወጣ ጎሚስታው፣ የዘይት ቀያሪው፣ የሹፌሮች ምግብ ቤቱ ደንበኛ አብሮ ይወጣል። አዲሱ መገንጠያ ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ገበያ ይቆማል። እንደኛ አስተያየት ይህን መከልከል አይቻልም፤ ቦታውን አስቀድሞ መሸንሸን ግን ይቻላል። ከመንገዱ ገባ ያለ የመኪና ማቆሚያና የሱቅ ቦታ ካልተዘጋጀ ሰው ትከሻው ላይ ይሰፍራል፣ መኪናው አስፋልቱ ላይ ይቆማል፣ አገናኝ መንገዱም ራሱ አገናኝ መንገድ የሚያስፈልገው ይሆናል። ልጆች የሚሻገሩበትና ከብት የሚነዳበት ቦታም ዲዛይኑ ላይ ይጻፍ፤ ከአደጋ በኋላ ሰፈርተኛው በድንጋይና በአፈር የሚሠራው ጉብታ ለሌላ አደጋ ምክንያት ነው።

ጭነትም አለ። የመንገድ ዕድሜ የሚሰላው 8.16 ቶን በሚጭን መደበኛ አክስል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማዎችን በሚይዘው ዘንግ፣ ነው። 10 ቶን የጫነ አክስል ጉዳቱ የዚህን 2.5 እጥፍ ነው። 13 ቶን የጫነው ግን ከ8 እጥፍ በላይ። አሸዋና ድንጋይ ከልክ በላይ የሚጭን አንድ ሲኖትራክ ለባለቤቱ ጥቂት ብር ያተርፋል፣ ከመንገዱ ላይ ግን ዓመታት ይቀንሳል። ራሳቸው የግንባታው መኪኖችም በተለበሰው አስፋልት ላይ ከመጠን በላይ ጭነው ሲመላለሱ ይታያሉ፤ መንገዱ ሳይመረቅ ያረጃል።

የመጨረሻው ነገር የዋስትና ጊዜው ነው። ጊዜያዊ ርክክብ ከተደረገ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት የሚታይ ጉድለትን የሚያርመው ተቋራጩ ነው፣ በራሱ ወጪ። በዚያ ዓመት ውስጥ የሚገባው ክረምት አንድ ብቻ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ እንዳባራ መንገዱን በእግር ሂዱበት። ውሃ የተኛበትን፣ ቱቦ የደፈነውን ደለል፣ የመውጫውን ጉድጓድ፣ ከጠርዝ ገባ ያለውን ስንጥቅ ከነኪሎ ሜትሩ ጻፉ፣ ፎቶ አያይዙ። ደብዳቤው በቀበሌው በኩል ለአማካሪ መሐንዲሱና ለመንገዱ ባለቤት መሥሪያ ቤት እስከ ጥቅምት ይግባ፣ የገባበት ቀንና ማኅተም ያለበት ቅጂም ቀበሌው ዘንድ ይቀመጥ። በጥቅምት አፈሩ ስለሚደርቅ ተቋራጩ «ዝናብ ነው» ብሎ የሚያሳብብበት አይኖረውም፤ ጉድለቱን እንዲያርም ከክፍያው ላይ የተያዘበት የመያዣ ገንዘብም ገና አልተለቀቀለትም።